ከሁሉም አንዳንድ ወይስ አንዱን በካርቶን?

ዛሬ ጠዋት ወይኖቼን ቆጠርኳቸው። 31 ጠርሙስ። ዓይነታቸው ግን 11 ብቻ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ቤቴ ብትመጡ ኖሮ 22 ጠርሙስ፣ 22 ዓይነት ታገኙ ነበር። ምን እንደለወጠኝ ልንገራችሁ። በቅርብ ወይን መሰብሰብ የጀመራችሁ ሰዎች ሁሌ የምትጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ ከየዓይነቱ አንዳንድ እንግዛ ወይስ አንዱን በብዛት?

መጀመሪያ ላይ ሁሉም ነገር ያምራል። ሐዋሳ ለሚኖር ሰው ደግሞ ወይን የሩቅ አገር ነገር አይደለም። አዲስ አበባ ደርሰን በተመለስን ቁጥር ባቱን እናልፋለን፣ ብዙዎቻችን አሁንም ዝዋይ ነው የምንላት። የካስቴል የወይን ጠጅ ፋብሪካ የወይን እርሻ እዚያ ነው፤ ጉማሬና ዘንዶ እንዳይገባበት ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። ሜርሎ፣ ሲራና ካቤርኔ ሶቪኞን የሚባሉት የቀይ ወይን ዝርያዎች፣ ከነጩ ደግሞ ሻርዶኔ ይመረትበታል። ሪፍት ቫሊና አካሺያ ብላችሁ የምትገዙት ከዚያ የሚወጣ ነው። ከእሱ በፊት ደግሞ አባቶቻችን የሚያውቁት ጉደር አለ። በዚያ ላይ የደቡብ አፍሪካው፣ የጣሊያኑ፣ የፈረንሳዩ ሲጨመር ከየዓይነቱ አንዳንድ ብቻ ብትገዙም መደርደሪያው ይሞላል። የእኔም ሞላ።

ችግሩ አንድ ብቻ ያላችሁን ጠርሙስ ለመክፈት እጅ አለመታዘዙ ነው።

እህቴ ከደቡብ አፍሪካ ስትመጣ አንድ ቀይ ወይን አምጥታልኝ ነበር። «ለትልቅ ቀን» ብዬ ሳሎን ቡፌው ላይ አቆምኩት። ሦስት ዓመት እዚያው ቆመ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮቱ ገብታ በቀጥታ ታርፍበታለች፣ እኔ ደግሞ ልብ አላልኩትም። ትልቁ ቀን ደረሰና አነሳሁት። ቡሹ ከአንገቱ ትንሽ ወደ ላይ ተገፍቷል። ከስሩ እስከ ጠርሙሱ ትከሻ ድረስ የሚያጣብቅ ቀይ መስመር ወርዶ ደርቋል። ሙቀት ወይኑን ሲያሰፋው ቡሹን የሚገፋው እንዲህ ነው። ቀዳነው። ዘቢብ ተቀቅሎ ሲያርር የሚሰጠው ጣዕም ነበረው፣ ከኋላ ደግሞ ኮምጣጤ ይሸታል። እህቴ ምንም አላለችኝም። እኔ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል፤ ሦስት ጠርሙስ ቢሆን ኖሮ አንዱን በመጣ በሳምንቱ አብረን እንጠጣው ነበር።

ከአንድ ዓይነት ደጋግሜ የምገዛበት ሁለተኛው ምክንያቴ ከዚህ ይበልጣል። አንድ ጠርሙስ ስለ ወይኑ ብዙ አይነግራችሁም። አምና ድራይ ሲራ፣ ማለትም ጣፋጭ ያልሆነውን፣ ስድስት ገዛሁ። የመጀመሪያውን በዶሮ ወጥ ከፈትኩት። አልወደድኩትም፤ ከበርበሬው ጋር አፌን አቃጠለኝ፣ ምላሴንም እንደ ወፍራም ጥቁር ሻይ ያዘው። አንድ ብቻ ገዝቼ ቢሆን «ይሄ ወይን አይረባም» ብዬ ለዘላለም እተወው ነበር። ከወር በኋላ ሁለተኛውን በለጋ የበግ ጥብስ ከፈትኩት፣ ሚጥሚጣ የለ፣ ዳጣ የለ። ያው ወይን ነው ብል ማንም አያምነኝም። ስቡ ያንን የሚያደርቅ ነገር አለሰለሰው። ታኒን የሚሉት እሱን ነው፤ ከወይን ፍሬው ልጣጭና ዘር የሚመጣ ነው። ሦስተኛውን ከመጠጣታችን አንድ ሰዓት በፊት ከፍቼ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ገለበጥኩትና ከሁለቱም የተሻለ ሆነ። ይህንን ሁሉ ያወቅኩት ስድስት ስለነበረኝ ነው። ሻርዶኔንም የተማርኩት እንደዚሁ ነው፣ ከሐይቁ ቆሮሶ ዓሣ ጋር፣ ሎሚ ተጨምቆበት።

እንግዲህ በካርቶን ግዙ እያልኩ ነው? አይደለም።

እዚህ ከተማ ላይ ብዛት የራሱ አደጋ አለው። ፈረንሳይ፣ ቦርዶ ያለ ሰው 12 ጠርሙስ በሳጥን ገዝቶ ምድር ቤት ያስገባና በየዓመቱ አንድ እየከፈተ ለውጡን ይከታተላል። የእሱ ምድር ቤት 12 ወይም 13 ዲግሪ ነው። የእኛ ሳሎን በየካቲትና በመጋቢት ስንት እንደሚሆን ታውቁታላችሁ። በዚያ ሙቀት ወይን ቶሎ ያረጃል። ነጭ ወይን፣ በተለይ ቀለል ያለው፣ ከመጀመሪያውም ለረጅም ጊዜ ተብሎ አልተሠራም፤ በአንድ ሁለት ዓመት ውስጥ ጠጡት። የወይን ማቀዝቀዣ ገዝታችሁ ከሆነም መብራት ሲሄድ ያው ነው።

ምላስም ይለወጣል። አብዛኞቻችን የምንጀምረው በሚዲየም ስዊት፣ ጣፈጥ ባለው ወይን ነው፣ እኔም እንደዚያው። ያኔ ሁለት ካርቶን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ማን ይጠጣልኝ ነበር?

ሰፈራችን ያለው ግሮሰሪ ባለቤት ነው መንገዱን ያሳየኝ። አንድ ቀን ገብቼ «ጋሼ፣ ከዚህኛው ስድስት ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ቀምሰኸዋል ልጄ?»

«አልቀመስኩም፣ ግን ጥሩ ነው ሲሉ ሰማሁ።»

«እንግዲያው አንዱን ይዘህ ሂድ። ከጣመህ እኔ የትም አልሄድም።»

ሊሸጡልኝ ሲችሉ ነው ይህንን ያሉኝ። አሁን እንደዚያ ነው የምገዛው። መጀመሪያ አንድ። ከወደድኩት ተመልሼ ሦስት፤ አንዱ ለሰሞኑ፣ አንዱ እንግዳ ሲመጣ፣ አንዱ እስቲ ይቆይ የምለው። ስድስት የምገዛው በጣም የማውቀውን ብቻ ነው፣ እሱም ቀይ ከሆነ። ገንዘባችሁ ለስድስት ጠርሙስ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ስድስት ዓይነት አትግዙ፣ ሁለት ዓይነት ሦስት ሦስት ግዙ። ጀማሪም ብትሆኑ ምክሬ ይኸው ነው፣ ብዙዎች «መጀመሪያ ሁሉንም ቅመሱ» እንደሚሉ እያወቅኩ። መቅመሱን ጓደኛ ቤትም፣ ሬስቶራንት በብርጭቆም ማድረግ ይቻላል። ቤት የሚቀመጠው ግን ተመልሳችሁ የምትከፍቱት ይሁን።

ወይኖቼ አሁን ከሳሎን ወጥተዋል። ፀሐይ የማይደርስበት የጓሮ ዕቃ ቤት ወለል ላይ፣ ጆንያ ለብሰው ተጋድመዋል። ቡሽ ያላቸውን ማጋደም ግድ ነው፣ ቡሹ ከደረቀ አየር ይገባል። በየአንገታቸው የገዛሁበትን ቀን በማርከር የጻፍኩበት ፕላስተር አለ።

ከስድስቱ ሲራ አንዱ ብቻ ቀርቷል። ፕላስተሩ ላይ ከቀኑ ሥር የእህቴን ስም ጽፌበታለሁ። ሐምሌ ላይ ትመጣለች፣ በጉን አስቀድሜ ተነጋግሬበታለሁ።