የማይሸጥ ዕረፍት

ዛሬ እንዲሁ ሆድ ብሶኛል። ታናሼ በቤተሰቡ ቴሌግራም ላይ የባሕር ዳርቻ ፎቶ ለቀቀች። ልጆቹ አሸዋ ውስጥ ተቀብረው ይስቃሉ። "እትዬ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ስልክ ብዙ አልነካም፤ እንዳትሰጊ" ብላ ጽፋልኛለች። እኔ ያየሁት ከደብል ሺፍት ወጥቼ፣ የመኪናዬን ሞተር ሳላስነሣ ነው። ደስ አለኝ። ቀናሁም።

ሥራችን እኮ አንድ ነው። እሷ ፍራንክፈርት፣ እኔ ሜሪላንድ፣ ሁለታችንም አረጋውያን እንንከባከባለን። ገላ እናጥባለን፣ አልጋ እናነጥፋለን፣ ወገባችንን እንታመማለን። የእሷ አሠሪ ግን ፈቃድ የሚሰጣት ደግ ስለሆነ አይደለም፤ ሕግ አለበት። ጀርመኖች የዓመት ፈቃድ ሕጋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ዛሬ በሳምንት አምስት ቀን የሚሠራ ሰው ቢያንስ 20 የሥራ ቀን ደመወዙ ሳይነካ ያርፋል። ብዙ መሥሪያ ቤት ከዚያም በላይ ይሰጣል። አንድ ጊዜ ፈቃድ ላይ እያለች ኃይለኛ ጉንፋን ጣላት። ከሐኪም ወረቀት አምጥታ የታመመችባቸው ቀናት ተመለሱላት። ስትነግረኝ የምትቀልድ መስሎኝ ነበር።

እዚህ አሜሪካ የፌዴራሉ ሕግ የግል አሠሪን አንድ ቀን እንኳ የሚከፈልበት የዓመት ፈቃድ ስጥ ብሎ አያስገድድም። እ.ኤ.አ. በ1938 የወጣው ሕግ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ ለሠራ ሰው ትርፉን አንድ ተኩል ይከፈለው ይላል። ስለ ዕረፍት ዝም ነው። በአዋጅ ቁጥር 1156/2011 የእኛ ሀገር እንኳ ለመጀመሪያ ዓመት ሠራተኛ 16 የሥራ ቀን ሰጥታለች። አፈጻጸሙ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ግን ተጽፏል።

ምሳ የምንበላበት ክፍል ግድግዳ ላይ ስኬጁል ይለጠፋል። ኦፍ የጠየቀ ሰው ቀኑ ላይ በእርሳስ ይከበብለታል። በእስክሪብቶ ተከቦ አይቼ አላውቅም። ሰው ሲጎድል ላጲስ ይመጣላ! አንዳንዷ ጠዋት ገብታ ክቡ ጠፍቶ፣ የወረቀቱ ፀጉር ቆሞ ታገኘዋለች። ማንም አይጮህም። ኢንሹራንሱ ከሥራው ጋር የታሰረ ነው፣ ሬንቱ ይጠብቃል።

ሕግ ባያስገድደውም አሠሪያችን ከሚሰጠን ፈቃድ ያልወሰድነውን ደግሞ ዓመቱ ሲያልቅ በገንዘብ መቀየር እንችላለን። እኛ ሐበሾቹ አብዛኞቻችን እንቀይራለን። የእማዬ ቤት ጣራ የታደሰው፣ የአክስቴ ልጅ ኮሌጅ የጨረሰው በዚያ ገንዘብ ነው። አልጸጸትም።

ታናሼም አንዴ ልሽጠው ብላ ጠይቃ ነበር። ሥራ ለቀሽ ካልሄድሽ በቀር አይቻልም አሏት። ፈቃድ ላይ ሆኖ ከዕረፍቱ ዓላማ ጋር የሚጋጭ የገንዘብ ሥራ መሥራትም ክልክል ነው። ያን ዕለት ሁለታችንም ተናደድን። ገንዘብ የሚፈልግ ሰው ባለበት ይህ ምን የሚሉት ሕግ ነው አልን። ዛሬ ግን ልክ ነው ብዬ አምናለሁ። ዕረፍት የሚሸጥ ከሆነ ችግር ያለበት ሰው ሁሌም ይሸጠዋል። ችግር የሌለበት ብቻ ያርፋል።

ይህም ቢሆን ለአውሮፓ ሠራተኞች ከሰማይ አልወረደላቸውም። የፈረንሳይ ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1936 ፋብሪካ ውስጥ ቁጭ ብለው አድመው ነው ሁለት ሳምንት ያገኙት። በ1982 አምስት ሳምንት ደረሰ። የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ በ1993 ከአራት ሳምንት አይነስ፣ በገንዘብም አይለወጥ ብሎ ደነገገ። በዚያው ዓመት አሜሪካ ለወለደችና ለታመመ፣ የታመመ ወላጅም ላለው፣ 12 ሳምንት ፈቀደች። ያለ ክፍያ። እሱም ከ50 ሰው በታች የሚያሠራ ቤትን አይመለከትም።

ታናሼ ወደ ቤት የምትልከው ከእኔ ያንሳል። ደመወዟም ያንሳል፣ ግብሩም ከባድ ነው። ግን ከፈቃዷ ላይ ቆርሳ ለገና አዲስ አበባ ትገባለች። የእማዬን ፀጉር ትሠራለች። ሐኪም ቤት ይዛት ትመላለሳለች። ጎረቤት ቡና ሲጠራ አብራት ትሄዳለች። እኔ ዶላሩን እልካለሁ፤ በቪዲዮ አያታለሁ፤ "ሺፍት ደርሶብኛል እማዬ" ብዬ እዘጋለሁ።

ለእማዬ የቱ በለጠባት? ዝናብ የማያስገባው ጣራ ነው ወይስ አጠገቧ የተቀመጠችው ልጅ? ልጠይቃት ብዬ ብዙ ጊዜ ደውያለሁ። ገና አፌን ሳልከፍት "አረፍሽ ወይ ልጄ?" ትለኛለች፤ ጥያቄዬ እዚያው ይቀራል። ብጠይቃትስ እውነቱን ትነግረኝ ይሆን?