ዘፈን የጀመረኝ ወፍጮ ሥር ነው

ሰው ሁሉ "መዝፈን መቼ ጀመርክ?" ይለኛል። መድረክ ላይ የወጣሁበትን ቀን ብናገር ይቀለኝ ነበር፤ ግን ውሸት ይሆንብኛል። እኔን የጀመረኝ ደምበጫ አካባቢ፣ አያቴ ዳጉሳ ስትፈጭ ነው።

ሌሊት ትነሳለች። እኔ ቁርበቴ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። መጁን፣ የወፍጮውን የላይኛ ድንጋይ፣ ወደ ፊት ስትገፋ ቃሉ ይወጣል፣ ወደ ኋላ ስትስበው ትንፋሽ ትወስዳለች፣ እንዲህ እያለች ቁናው እስኪያልቅ ታንጎራጉራለች፤ እኔም መሃል ላይ እንቅልፍ ይወስደኛል እንጂ እየተማርኩ ነው ብዬ ያሰብኩበት ቀን የለም። ዛሬ ትንፋሽ የምወስድበትን ቦታ ያወቅኩት ከዚያ ድንጋይ ነው።

ቡሄ ላይ ግን ተቀባይ ነበርኩ። "ሆ" ማለት ብቻ! ያናድደኝ ነበር፣ ምክንያቱም ሙገሳው ሁሉ የአውጪው ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ፣ ነሐሴ 13 ቀን፣ አውጪያችን ሲጮህ ውሎ ድምፁ ተዘጋና እኔን ገፍተው ፊት አቆሙኝ። ግጥሙ ጥፍት አለብኝ። በር ላይ የሚጮኸውን ውሻ አይቼ ስለ ውሻው ገጠምኩ። ባለቤቱ በሳቅ ፈረሱ፣ ሙልሙሉም ሁለት ሆነ። መዝፈንን የወደድኩት ያኔ ይመስለኛል፤ ወይም ሙልሙሉን።

ከዚያ አውድማ አለ። ጤፍ ሲወቃ እየዘፈንኩ በሬ እነዳለሁ፤ ዝም ስል በሬዎቹም ይቆማሉ። እንደነሱ የማይዋሽ አድማጭ እስካሁን አልገጠመኝም።

14 ዓመቴ ላይ ድምፄ ጎረነነ። የወንድ ልጅ የድምፅ አውታር በዚያ ዕድሜ ይረዝማል፣ ይወፍራል፤ እስኪረጋ መጠበቅ ነው እንጂ ትግል አይወድም። ይህን ማን ይንገረኝ? ትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ ገብቼ እንደ ልጅነቴ ከፍ አድርጌ ልዘፍን ስል ሰው ፊት ድምፄ ተሰነጠቀ። "አንተስ ድራማ ይሻልሃል" ተባልኩ። ዓመት ሙሉ አፌን አልከፈትኩም።

ያወጡኝ ሠርግ ላይ ያገኘኋቸው አንድ ሽማግሌ አዝማሪ ናቸው። መሰንቋቸውን እየቃኙ "የኔ ልጅ፣ ከላይ አትነሳ። ዝቅ ብለህ ጀምር፣ ዜማው ራሱ ያወጣሃል" አሉኝ። የአያቴን እንጉርጉሮ ሳንጎራጉርላቸው ደግሞ "ይሄማ ትዝታ ነው" አሉ። ትዝታ ቅኝት መሆኑን፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉትን ሌሎቹን ቅኝቶችም የሰማሁት ከዚያ ወዲህ ነው። ጆሮዬ ቀድሞ ያውቃቸው ነበር፣ ስማቸው ነው የቀረኝ።

ልጃችሁ መዝፈን ይወድ እንደሆነ ለማወቅ "እስቲ ዝፈን" ብላችሁ እንግዳ ፊት አትገትሩት። ልብስ ሲያጥብ፣ ከብት ሲነዳ ስሙት። ሳያውቅ የሚያንጎራጉር ከሆነ ተውት፣ ብቻ አታስቁሙት።

አሁን ሠርግ ላይ እሠራለሁ። ኪቦርዲስቱ "በየትኛው ቅኝት ልነሳ?" ሲለኝ መልስ ከመስጠቴ በፊት አውድማ ላይ ለበሬዎቹ የምላትን ዜማ በአፍንጫዬ እሞክራታለሁ። ይስቅብኛል።