ከደሴ ጉም ወደ ሞምባሳ ሙቀት፦ ክረምቱን በኬንያ

ደሴ ላይ «ውጭ አገር ልንሄድ ነው» ካልክ ሰው የሚያስበው ሁለት ነገር ነው፤ ወይ ዓረብ አገር ለሥራ፣ ወይ ዱባይ ለዕቃ። እኛ «ልጆቹን አገር ልናሳይ ነው» ስንል ሰፈሩ ግራ ተጋባ። አንዷ ጎረቤቴ «ገንዘብ ከፍሎ ሊደክም የሚሄድ ሰው እናንተን አየሁ» አለችኝ። ቢሆንም ቡናውን አፈላች፣ ዱዓ ተደረገ፣ ተመርቀን ወጣን።

ኬንያን የመረጥነው በቀላል ሂሳብ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም። ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ እኛ ጋ ዝናብና ጉም ሲሆን እዚያ አብዛኛው አገር ደረቅ ነው። ትምህርት ቤት የሚዘጋው በክረምት ስለሆነ ልጆች ላለው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አምስት ነን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ አሥራ አራት ዓመት የሞላው ልጃችን፣ የሰባት ዓመቷ ትንሿ እና እናቴ። እናቴ ክርስቲያን ናት፤ ፍልሰታን አጥብቃ ትጾማለች። ባለቤቴ ሙስሊም ነው፤ ሐላል ካልሆነ ሥጋ አይነካም። ወሎ ለኖረ ሰው ይህ አይደንቅም። ጉዞ ላይ ግን «ምሳ የት እንብላ?» የሚለው ጥያቄ ራሱን የቻለ ስብሰባ ይፈልጋል።

የመጀመሪያው ጭቅጭቅ ማሳይ ማራ የሚባለው ዝነኛው የዱር አራዊት ቦታ ነበር። ባለቤቴ ኬንያ ተሂዶ ማራ ሳይታይ እንዴት ይሆናል አለ። ዋጋውን አብረን አየን። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር ባለው ጊዜ ለአንድ የውጭ አገር አዋቂ መግቢያው በቀን 200 ዶላር ነው። መኪናና ማደሪያ ገና አልተጨመረም። በሦስት አዋቂ አባዛውና ዝም አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ቦታ ብቻ ይምረጥ። የመረጠው ሰው ስለ ቦታው ይጠይቅ፣ ያጣራ፣ መንገዱን ይወቅ። ሌሎቻችን ደግሞ በዚያ ሰው ቦታ ላይ ማማረር አይፈቀድልንም። ልጃችን ናይቫሻን መረጠ፤ በብስክሌት የሜዳ አህያ መሃል መንዳት ይቻላል ተብሎ ሰምቷል። ትንሿ ባሕር አለች። ባለቤቴ ባቡሩን። እናቴ ትንሽ አሰበችና «የሰው እርሻ አሳዩኝ» አለች። እኔ የመረጥኩት የትም የማንሄድበትን ቀን ነው። ሳቁብኝ፤ መጨረሻ ላይ ግን ሁሉም አመሰገነኝ።

ዝግጅቱን በአጭሩ ልንገራችሁ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያስፈልጋል፤ ከጉዞው ቢያንስ አሥር ቀን ቀድሞ መከተብ ነው። አንዴ ከተከተቡ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ከስድሳ ዓመት በላይ ለሆነ ሰው ግን ሐኪም ሳያማክሩ መከተብ አይገባም፤ እናቴን መጀመሪያ ያስመረመርናት ለዚህ ነው። የሞምባሳ አካባቢ ወባማ ስለሆነ ስለ መከላከያ መድኃኒቱም አብረን ጠየቅን። ደሴ ላይ ያደገ ሰው ወባን የሚያውቀው በወሬ ነው፤ ቆላ ሲወርድ መጠንቀቅ አለበት። ዶላሩን ከባንክ ፓስፖርትና ቲኬት አሳይተን ገዛን። ብር ይዞ መሄድ ዋጋ የለውም፣ ናይሮቢ የሚቀበልህ ብርቅ ነው።

ሌላው ነገር ፌስታል ነው። ኬንያ ፌስታልን እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ከልክላለች፤ ቅጣቱም ከባድ ነው። እናቴ ደግሞ ዓለምን በሙሉ በፌስታል ጠቅልላ የምትይዝ ሴት ናት። በሶው በፌስታል፣ ቆሎው በፌስታል፣ ድርቆሹ በሁለት ፌስታል። ሁሉንም አስፈታኋት። ከአቡጀዲ ከረጢት ሰፍታ፣ በየአንዳንዱ ላይ በክር የተለያየ ምልክት አድርጋ ጨረሰች።

ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ፣ ከአዲስ አበባ ናይሮቢ በረርን። ናይሮቢ በዚያ ወቅት ጠዋት ጠዋት ይበርዳል። አፍሪካ መሃል ሙቀት ብቻ ነው ብሎ በቲሸርት የሚመጣ ሰው ይንቀጠቀጣል፤ ለእኛ ግን የቤታችን አየር ነበር። ልጆች ይዞ ለሚሄድ ሰው አንድ ነገር ልበል። እዚያ መኪና የሚሄደው በግራ ነው። መንገድ ስትሻገሩ መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ወደ ቀኝ ነው። የልጅ ዓይን በልማድ ወደ ግራ ስለሚሄድ መጀመሪያዎቹ ቀናት እጃቸውን አልለቀቅንም።

በፓስፖርት ሲም ካርድ አወጣንና ኤምፔሳ ከፈትን። ይህን ሳያደርግ አገሩን ለመዞር የሚነሳ ሰው ራሱን ያለፋል። ኤምፔሳ ኬንያ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ2007 ጀምሮ አለ፤ ሙዝ የሚሸጠውም፣ የሚኒባሱ ረዳትም በስልክ ነው የሚቀበለው። እናቴን የገረማት ግን ሰዓቱ ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው የሚቆጥረው ልክ እንደኛ ነው፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላ አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እያለ። «እነዚህስ ወገኖቻችን ናቸው» አለች። ቲኬት ላይ ግን የሚጻፈው በፈረንጁ አቆጣጠር ነው፤ ያንን የሚያነበው ልጃችን ሆነ።

ናይቫሻ ከናይሮቢ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገዱ ላይ ከገደሉ አፋፍ ቆም ብሎ ስምጥ ሸለቆውን ማየት ይቻላል። ከደሴ ወርዶ በባቲ በኩል ወደ አፋር ቁልቁል ላየ ሰው አዲስ አይደለም፤ ያው አንድ ስንጥቅ ነው እስከዚያ የሄደው። ልጃችን ይህን በራሱ አንብቦ ነበርና አስረዳን። ሄልስ ጌት የሚባለው ፓርክ በኬንያ በእግርና በብስክሌት ከሚገባባቸው ጥቂቶች አንዱ ነው። በር ላይ ብስክሌት ይከራያል። ፍሬኑን ሳትሞክሩ እንዳትወስዱ። ባለቤቴ ጋራዥ ውስጥ ያደገ ሰው ስለሆነ አንድ በአንድ እያነሳ ጎማውን አሽከረከረ፣ ሰንሰለቱን ጎተተ፣ ሁለቱን መለሰ። አከራዩ ተናደደ፣ ከዚያ ሳቀ። ቀጭኔ ከመንገድ ዳር ቅጠል ስትበላ በብስክሌት ማለፍ 200 ዶላር ከፍሎ በመኪና መስኮት ከማየት ያንሳል ብዬ አላምንም። ማራን ያላየሁ ሰው ነኝ፣ አድልዎ ይኖርብኛል።

ከዚያ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ኬሪቾ ሄድን። ይህ የእናቴ ምርጫ ነው፤ ለእኔ ከሁሉ የበለጠውም እሱ ነው። ዓይን እስኪደክመው የሻይ ተክል ነው። ሻይ ኬንያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1903 ነው፣ መጀመሪያ የተተከለውም ናይሮቢ አጠገብ ሊሙሩ ላይ ነው፤ ዛሬ አገሩ ከዓለም ትልልቅ ሻይ ላኪዎች አንዱ ነው። ኬሪቾ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ደጋ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ይዘንባል። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ መስመሩ ውስጥ ገባች። አንዲት ለቃሚ ሴት ሁለት ቅጠልና እምቡጡን ብቻ እንዴት እንደሚቀጠፍ አሳየቻት። ቋንቋ የላቸውም። አንዷ ትቀጥፋለች፣ አንዷ ታያለች። ከዚያ እናቴ ቀጠፈች፤ ለቃሚዋ ግማሹን አውጥታ ጣለችባት። እናቴ በሳቅ ሞተች። ማታ ግን ያወራችው ስለ ማሽኑ ነው። ሻይ የሚያጭደው ማሽን የብዙ ሰው ሥራ ይሠራል። «ሴቶቹ ምን ሊበሉ ነው?» እያለች ስትጠይቅ አመሸች።

ፍልሰታ የገባው እዚያው እያለን ነው። በሻይ አገር ተቀምጣ ሻይ መጠጣት አልቻለችም፤ ኬንያ ውስጥ ሻይ ማለት ከወተት ጋር የፈላ ነው። «ቻይ ያ ራንጊ» ብላችሁ እዘዙ፣ ያለ ወተት ይመጣል። ምግቡ ግን የጾመኛ አገር ነው ማለት ይቻላል። ኡጋሊ የሚሉት የበቆሎ ገንፎ በጎመን አለ፣ ባቄላ አለ፣ በቆሎ ከቦሎቄ ጋር የተቀቀለ አለ። በምን እንደተሠራ ብቻ መጠየቅ ነው። ባለቤቴ ደግሞ በየከተማው ሐላል የተጻፈበት ቤት አያጣም ነበር፣ ባይኖርም እንቁላል አለ። ስብሰባው ቶሎ ቶሎ ያልቅ ጀመር።

አሁን ባቡሩ። ከናይሮቢ ሞምባሳ የሚሄደው ባቡር አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ሁለተኛ ማዕረግ ከ2024 ጀምሮ 1,500 ሽልንግ ነው፤ ትንንሽ ልጆች ግማሽ ይከፍላሉ። ቲኬቱን ቀደም ብላችሁ ግዙ፣ ምክንያቱም በኦገስት የኬንያ ትምህርት ቤቶችም እረፍት ናቸውና ሰው ሁሉ ወደ ባሕር ይወርዳል። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ስለሆነ በጊዜ መድረስ ያስፈልጋል። ፍተሻው ረጅም ነው። ሻንጣ ሁሉ መሬት ላይ በመስመር ይደረደራል፣ ሰው ወደ ኋላ ይላል፣ ውሻ እያሸተተ ያልፋል። ውሻው የእናቴ የአቡጀዲ ከረጢት ጋ ሲደርስ ቆመ። አፍንጫውን አስጠጋ። አንዴ በኃይል አነጠሰና አንገቱን እያራገፈ ወደሚቀጥለው ሄደ። ፖሊሱ ከረጢቱን ከፍቶ አየ፣ «ፒሊፒሊ?» አለ። እናቴ «አዎ ልጄ፣ በርበሬ ነው፣ ውሻህ ይማረው» አለችው።

የጠዋቱን ባቡር ያዙ፣ ጻቮ ፓርክን በቀን ብርሃን ታያላችሁ። ሐዲዱ በከፍታ ላይ ስለተሠራ ዝሆን በመስኮት ይታያል። አፈሩ ቀይ ስለሆነ ዝሆኖቹም ቀይ ናቸው። ልጆቹ ጮኹ። ባለቤቴ ግን ዝሆኑን ትቶ ሐዲዱን ነው የሚያየው። የእኛው የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመርም የተጀመረው ከዚህኛው ጋር በተቀራረበ ጊዜ ነው። ኮምቦልቻ ላይ ሐዲዱ ተነጥፎ እያየነው እናልፋለን፣ ተሳፋሪ ግን አልጫነም። «ይኸውና፣ ይሄዳል እኮ» አለ፤ ለማን እንደሚናገር አላወቅሁም። እኔ መልስ አልነበረኝም፣ «አብሽር» አልኩት።

ሞምባሳ ስንደርስ ቀድመን የያዝነው ማደሪያ «ሞልቷል» አለን። ደረሰኙን አሳየን፣ ትከሻቸውን ነቀነቁ። ሌላ እስክናገኝ መሸ። ከዚያ ወዲህ የትም ስንሄድ በዋዜማው ደውለን እናረጋግጣለን።

ትንሿ የምታውቀው ውሃ የሐይቅን ነው። እሱ ደግሞ የትም አይሄድም፣ ሁልጊዜ ቦታው ላይ ነው። በሊኮኒ ጀልባ ተሻግረን፣ እግረኛ በነፃ ነው፣ ዲያኒ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ ወረድን። ጠዋት የዋኘችበት ቦታ ከሰዓት ስንመለስ አሸዋና ድንጋይ ሆኖ ጠበቃት። ወገቧን ይዛ «ማነው የወሰደው?» አለች። ባሕሩ በየስድስት ሰዓቱ ገደማ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ልዩነቱ ሦስት ሜትር ያልፋል። የማዕበሉን ሰዓት ከማደሪያችሁ ጠይቃችሁ ቀናችሁን በእሱ አውጡ። ባሕሩ ሲሸሽ ግን አትዘኑ። በድንጋዩ መሃል በቀረው ውሃ ውስጥ ሸርጣንና ኮከብ ዓሣ ስታይ መዋኘቱን ረሳችው።

በሞምባሳ አሮጌው ከተማ ፎርት ጂሰስ የሚባለው ምሽግ አለ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. ከ1593 ጀምሮ የሠሩት ነው፤ በ1698 የኦማን ዓረቦች ከረጅም ከበባ በኋላ ወሰዱት። ልጃችን በታሪክ ትምህርት ክርስቶቫዎ ዳ ጋማን ያውቀዋል፣ ግራኝን ሊወጋ መጥቶ በ1542 የተገደለውን። አባቱ ቫስኮ ዳ ጋማ በ1498 በዚህ ጠረፍ ማለፉን ሲሰማ ግን ደነገጠ። በጠባቡ መንገድ አዛን ሲሰማ ባለቤቴ መስጊድ ገባ። እናቴ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችው። አንዲት ሴት ቡና በትንሽ ሲኒ አመጣችላት፤ ዝንጅብል አለበት። ጠጥታ «ጥሩ ነው፣ ሁለተኛው የታለ?» አለች።

የእኔ ቀን ናይሮቢ ላይ የመጨረሻው ነበር። ልብስ አጠብን፣ ተኛን፣ እናቴ የተረፈውን ድርቆሽ ፈረፈረች። ሽልንጋችሁን እዚያው ጨርሱ ወይም ዶላር አድርጉት፤ ኤምፔሳ ላይ የቀረውንም ሲሙን ሳታወጡ ወጪ አድርጉ። ደሴ ላይ የኬንያ ሽልንግ የሚገዛ አላገኘሁም፣ ልጃችን ግን ሳንቲሞቹን ለጓደኞቹ እየሸጠ ነው።