የሚጮኸው ይተነፍሳል

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ሃያ አራት የጤና ኮሌጅ ተማሪዎች ከሆስፒታላችን ጀርባ ቆመው ለአደጋ ልምምድ ደም እንዲመስል ቀይ ሥር ይቀባቡ ነበር። ቀይ ሥሩን ማታ ቤቴ ነው የቀቀልኩት። ውሃውን አጥልዬ ስኳርና ትንሽ ዱቄት ጨመርኩበት። ስኳሩ ያጣብቀዋል፣ ዱቄቱ ያወፍረዋል። በሦስት ሃይላንድ ሞልቼ በታክሲ ይዤው መጣሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ጠርሙሱን አይተው አማተቡ። ምን እንደሆነ ስነግራቸው «እግዜር በእውነቱ አያምጣው» አሉኝ።

እያንዳንዱ ተማሪ አንገቱ ላይ ካርቶን አንጠልጥሏል። ካርቶኑን የለመንኩት ከፋርማሲያችን ነው፣ የግሉኮስ ማሸጊያ ነበር። በላዩ ላይ ጉዳቱ ተጽፏል። «እግሬ ተሰብሯል፣ በደቂቃ 24 ጊዜ እተነፍሳለሁ።» «አልተነፍስም።» «ጭንቅላቴን ተመትቻለሁ፣ እጄን ጨብጥ ስትሉኝ አልሰማም።» የአንዷ ተማሪ ካርቶን ግን በሁለቱም በኩል ተጽፎበታል። ከፊት፦ «መራመድ እችላለሁ፣ ሆዴን ትንሽ ያመኛል።» ከጀርባ፦ «በደቂቃ 36 ጊዜ እተነፍሳለሁ፣ ላብ አጥምቆኛል።» ከሃያ ደቂቃ በኋላ ምንም ሳትናገር ካርቶኑን እንድትገለብጠው ነግሬያታለሁ። ያቺን ካርቶን ለምን እንደጻፍኩ ቆየት ብዬ አወራችኋለሁ።

የልምምዱ ታሪክ ቀላል ነው። አንድ አውቶቡስ ከሲኖትራክ ጋር ተጋጭቷል። ሃያ አራት ሰው ወደ እኛ እየመጣ ነው። ድንገተኛ ክፍላችን ስድስት አልጋ አለው።

የመጀመሪያው «ቁስለኛ» በባጃጅ መጣ። በሩ ላይ ቆመ። ጥበቃው እንደ ወትሮው ወርዶ እንዲፈተሽ ጠየቀ። ከዚያ ካርድ ክፍል በየት በኩል እንደሆነ አሳየው። ሁለተኛው ባጃጅ ከኋላ መጣ፣ ሦስተኛው ተከተለ፣ መንገዱ ተዘጋ። ሰዓት ይዤ ቆሜ ነበር። የመጀመሪያው ሰው ድንገተኛ ክፍል እስኪገባ አራት ደቂቃ ከሃያ ሰከንድ ፈጀ። በሩና ድንገተኛ ክፍሉ መካከል ያለው ርቀት የአርባ እርምጃ ያህል ነው።

ጥበቃው አላጠፋም። ያዘዝነውን ነው የሠራው። ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ቢመጣ ምን እንደሚያደርግ አንዳችንም ነግረነው አናውቅም። ዕቅድ ግን አለን። አርባ ሁለት ገጽ ነው፣ ማኅተም አለው፣ ሜዲካል ዳይሬክተሩ ቢሮ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጥበቃው አላየውም። ጽዳቶቹ አላዩትም። ታካሚ የሚያመላልሱት ራነሮቹም አላዩትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ሙሉውን ያነበብኩት ለዚህ ልምምድ ስዘጋጅ ነው።

ቀጥሎ ስልክ ነበር። ዕቅዱ ላይ የሚጠሩ የአሥራ ሰባት ሰዎች ቁጥር አለ። ተረኛዋ ነርስ መደወል ጀመረች። ስድስቱ ሥራ ከለቀቁ ቆይተዋል። ሁለቱ ቁጥራቸውን ቀይረዋል። ዝርዝሩን ሳትጨርስ ሒሳቧ አለቀ። በራሷ ስልክ፣ በራሷ ካርድ ነበር የምትደውለው።

ከዚያ ኦክስጅን። ትርፍ ሲሊንደሮቹ መጋዘን ውስጥ አሉ፣ ሙሉ ናቸው። ቁልፉ ንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ኪስ ውስጥ ነው። ሰውዬው ያን ጠዋት ስለነበረ በሰባት ደቂቃ ውስጥ ተገኘ። ማታ ቢሆን ቤቱ ነው፣ ቤቱ ደግሞ ሁለት ታክሲ ያስኬዳል።

አሁን ስለዚያች ካርቶን።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት በሌላ ከተማ፣ በዋና መንገድ ዳር ባለ ሆስፒታል ነበር የምሠራው። ስሙን አልጠራም። የማታ ተረኛ ነበርኩ፣ ከአንድ ጠቅላላ ሐኪምና ከሌላ አንዲት ነርስ ጋር። አራት ሰዓት ገደማ አንድ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ ገባ። ከኋላው ሰዎች ተጭነዋል። ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተገልብጦ ነው። አምቡላንስ አልጠበቁም፤ እኛ ሀገር ማንም አይጠብቅም፣ ያገኘው መኪና ላይ ነው የሚጭነው። ሠላሳ አንድ ሰው መጣብን።

አንድ ወጣት ልጅ ክንዱ ተሰብሮ ይጮህ ነበር። ጩኸቱ እስከ ማዋለጃ ክፍል ይሰማል። ሁላችንም ወደ እሱ ሮጥን። ሐኪሙም፣ እኔም። ማስታገሻ ሰጠነው፣ ክንዱን አሰርንለት፣ ቤተሰቡን አረጋጋን።

አንዲት ሴት ከአይሱዙው በራሷ እግር ወረደች። ነጠላዋን ተከናንባ ግድግዳ ተደግፋ ተቀመጠች። ሳልፍ «እማማ፣ ደህና ነዎት?» አልኳት። እማማ የሚባል ዕድሜ አልነበራትም፣ ነጠላው ነው ያሳሳተኝ። «ደህና ነኝ ልጄ፣ እነሱን እዩ» አለችኝ። አየኋቸው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስመለስ አንገቷ ዘንበል ብሏል። ሆዷ ውስጥ ስትደማ ነበር።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ብዙ አነበብኩ፣ ብዙ ስልጠናም ወሰድኩ። ከሁሉም አንድ ነገር ይዤ ቀረሁ። የሚጮህ ሰው ይተነፍሳል። አየር አለው፣ አእምሮውም አለ። መጀመሪያ መታየት ያለበት ዝም ያለው ነው።

የምናስተምረው የልየታ ዘዴ፣ ማለትም ቁስለኞችን በቀለም ለይቶ ማን ቀድሞ እንደሚታይ የሚወስነው፣ ስታርት ይባላል። በ1983 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ኒውፖርት ቢች ከተማ፣ አንድ ሆስፒታልና የከተማዋ እሳት አደጋ ሠራተኞች አብረው ያወጡት ነው። ለአንድ ሰው ከአንድ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፣ መሣሪያም አይፈልግም። መጀመሪያ በጩኸት «መራመድ የምትችሉ ወደዚህ ኑ!» ትላለህ። የመጡት አረንጓዴ ናቸው። ለቀሩት ትንፋሽ ታያለህ። የማይተነፍስ ከሆነ የአየር መንገዱን ትከፍትለታለህ፤ ያኔም ካልተነፈሰ ጥቁር ነው፣ እንደሞተ ይቆጠራል። በደቂቃ ከ30 በላይ የሚተነፍስ ቀይ ነው፣ ከሁሉ ቀድሞ ይታከማል። ጥፍሩን ተጭነህ ስትለቀው ደሙ ለመመለስ ከ2 ሰከንድ በላይ ከፈጀ ቀይ። «እጄን ጨብጥ» ስትለው ካልጨበጠ ቀይ። የቀረው ቢጫ ነው፣ ከቀዮቹ ቀጥሎ ይታያል። ለተለማማጆቹ ቀለሙን ማስጠናት አላስቸገረኝም። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ ከልጅነታችን ጀምሮ በሰልፍ የዘመርንለት ቅደም ተከተል ነው። ሪባኑን ከመርካቶ በሜትር ገዝቼ ቆራረጥኩት።

ከባዱ ጥቁሩ ነው። «አልተነፍስም» የሚል ካርቶን ያንጠለጠለው ልጅ ላይ አንዲት ነርስ ቀይ አሰረችለት። የአየር መንገዱን ከፍታ አይታለች፣ ሕጉን ታውቃለች። ለምን ብዬ ስጠይቃት «እናቱ አጠገቡ ቆማ ብትሆንስ?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ በኋላ ስንነጋገር የደረስንበት ነገር ቢኖር ጥቁር የታሰረለት ሰው ብቻውን እንዳይተኛ ነው። አንድ ሰው፣ ጽዳትም ብትሆን፣ አጠገቡ ትሆናለች። ይሄ አርባ ሁለቱ ገጽ ውስጥ የለም።

የእኔ ሴትዮ በዚህ ዘዴም ቢሆን አረንጓዴ ነበረች። በእግሯ ወርዳለችና። አረንጓዴ ማለት ደህና ማለት እንዳልሆነ ማንም አላስተማረንም ነበር። ቆይቶ እንደገና ይታያል ማለት ነው። እንደገና የሚያየው ማን ነው የሚለው ነው ጥያቄው።

ማክሰኞ ዕለት ያቺ ተማሪ በሃያኛው ደቂቃ ካርቶኗን ገለበጠች። ዶክተሮቹ ቀዮቹ ላይ ናቸው። ነርሶቹ ቢጫዎቹ ላይ ናቸው። አረንጓዴዎቹ የተቀመጡበት መጠለያ ዘንድ አንድም የጤና ባለሙያ አልነበረም። እኔ ዛፍ ሥር ቆሜ አያለሁ፣ መናገር አልችልም። ሦስት ደቂቃ አለፈ፣ አራት አለፈ። ደረቴ ይመታል፣ ልምምድ እንደሆነ እያወቅኩ። በስድስተኛው ደቂቃ የፈሰሰ ቀይ ሥር ስታጸዳ የነበረች የጽዳት ሠራተኛችን ቀና አለች። ካርቶኑን አነበበች። መወልወያዋን ጣለችና «ሲስተር! እቺ ልጅ ተለውጣለች!» ብላ ጮኸች።

ዛፉን ተደግፌ ትንሽ አለቀስኩ።

ከልምምዱ በኋላ ሻይና ዳቦ ይዘን ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ጥበቃውም፣ ጽዳቶቹም፣ ካርድ ክፍሎቹም፣ ስፔሻሊስት ለመሆን የሚማሩት ሐኪሞች፣ ሬዚደንቶቹም። ብዙ የተማርነው እዚያ ነው። ጥበቃው ጋሼ ዕድሜውን በወታደር ቤት ያሳለፈ ሰው ነው። እስኪጠየቅ ዝም ብሎ ቆየ። ከዚያ «ልጄ፣ ባጃጁ የሚዘጋው እዚሁ መዞር ስላለበት ነው። በትልቁ በር ይግባ፣ በሬሳ ክፍሉ በር ይውጣ» አለ። ያ የኋላ በር ሁሌ ይቆለፋል። ዕቅዱን የጻፍነው ሰዎች አንዳችንም አላሰብነውም። እሱ ግን በየቀኑ በሩ ላይ ይቆማል።

የሚደማ እግር ማሰርም ከእሱ የተሻለ ያሰረ አልነበረም። በቀበቶና በአጭር ዱላ፣ ከቁስሉ አራት ጣት ከፍ አድርጎ፣ መገጣጠሚያ ላይ ሳይሆን፣ ደሙ እስኪቆም አጠበቀው። «ግንባር ላይ እንዲህ ነበር» አለ፣ ሌላ አልጨመረም።

ያሰረበትን ሰዓት ግን ካርቶኑ ላይ ስናስጽፈው «3:05» ብሎ ጻፈ። የቀዶ ሕክምናው ሬዚደንት ካርቶኑን አንስቶ ግራ ገባው። እሱ የሚያነበው በፈረንጅ ሰዓት ነው። በሀገራችን ሰዓትና በፈረንጁ መካከል ያለው ልዩነት ስድስት ሰዓት ነው። የታሰረ እግር ደግሞ ሁለት ሰዓት ካለፈው ጉዳቱ እየከፋ ይሄዳል። ማስታወሻዬ ላይ በትልቁ የጻፍኩት ይሄንን ነው። አሁን ሁሉም «ጠዋት 3:05 በሀገርኛ» ብሎ እንዲጽፍ ተስማምተናል። ተራ ነገር ይመስላል። እኔ ግን ስንት ካርድ ላይ ይህ ስህተት ሳይታወቅ አልፎ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አንድ ተማሪ ስለ ጎፋ አነሳ። እሱ ከዚያ አካባቢ ነው። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ፣ መሬት ተንዶ ከ200 በላይ ሰው አልቋል። ብዙዎቹ የሞቱት በመጀመሪያው ናዳ አልነበረም። የተቀበሩትን ለማውጣት በእጃቸውና በአካፋ እየቆፈሩ ሳለ ሁለተኛው መጣባቸው። ከመካከላቸው መምህራንና የጤና ባለሙያዎች እንደነበሩ በጊዜው ተነግሯል። ልጁ ሲናገር ሁላችንም ዝም አልን። እኛ ስንባል ወገን ሲጮህ አንቆምም። ያንን አልነቅፍም፣ እኔም እሮጥ ነበር። ግን አምስት ሰከንድ ቆሞ ወደ ላይ ማየት ይቻላል። ከላይ ምን አለ? የተበጠሰ ሽቦ አለ? ነዳጅ ይሸታል? አንድ ሰው ተራራውን ብቻ እያየ ሊቆም ይችላል፣ ሲንቀሳቀስ እንዲጮህ። አዳኙ ሲቀበር የሚያወጣው የለም።

ሌላው ያሳዘነኝ ቁጥሮቹ ናቸው። ሃያ ሰዎች ጠየቅኩ፣ የሆስፒታል ሠራተኞች ናቸው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 መሆኑን የነገሩኝ ስድስት ናቸው። የአዲስ አበባ እሳት አደጋ 939 መሆኑን የሚያውቁ ሦስት ናቸው። እስቲ አሁን ስልካችሁ ላይ መዝግቧቸው፣ ከዚያ ማንበባችሁን ቀጥሉ።

ይህን ሁሉ ስናደርግ ያወጣነው ከ1,500 ብር አይበልጥም። ቀይ ሥር፣ ስኳር፣ ሪባን፣ ሻይና ዳቦ። ሆስፒታላችሁ «በጀት የለም» ካላችሁ ይህንን አሳዩት። ትልቅ ስልጠና ከሆቴልና ከአበል ጋር ሲመጣ ደስ ይላል፣ ሄጄም ተምሬበታለሁ። ነገር ግን ሆቴል ውስጥ የመጋዘን ቁልፍ አይጠፋም። የእኛ በር የት ጋ እንደሚዘጋ እዚያ አይታይም። ጥበቃውና ጽዳቷም አይጋበዙም።

ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ይሄ ነው። የስልክ ዝርዝሩ አንድ ገጽ ሆኖ ድንገተኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ በየወሩ መጀመሪያ አንድ ሰው እየደወለ ያጣራዋል። ካርድ የሚሞላበት አንድ ስልክ ተመድቧል። የኋላው በር ቁልፍ ጋሼ ዘንድ ነው። ጽዳቶቹ ጋ አረንጓዴ ሪባን ያሰሩ ሰዎችን በየአሥር ደቂቃው የመጠየቅ ኃላፊነት አለ፤ ስማቸውን ጠይቀው፣ ላብ አይተው፣ ትንፋሽ ቆጥረው። ትንፋሽ መቁጠር በግማሽ ቀን አስተማርናቸው። አንዷ ቤቷ ሄዳ ልጇ ሲተኛ እንደቆጠረች ነገረችኝ፣ 22 ነው።

የኦክስጅኑ ቁልፍ ግን እስካሁን አልተፈታም። ሁለተኛ ቁልፍ ይቀረጽ ብለን ደብዳቤ ጽፈናል፣ ንብረት ክፍሉ ተጠያቂነት ይላል። እነሱም እውነት አላቸው፣ ሲሊንደር ቢጠፋ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ የሚቀጥለውን ልምምድ ማታ አድርጌዋለሁ፣ ሐሙስ ሦስት ሰዓት ላይ። የንብረት ክፍሉን ኃላፊ ራሳቸውን ጋብዣቸዋለሁ፣ ቆመው ሰዓት እንዲይዙልኝ። እሺ ብለውኛል። ሁለት ኪሎ ቀይ ሥር ገዝቻለሁ፣ ነገ ማታ እቀቅለዋለሁ።