ከቧንቧው ቀዳዳ የወጣችው ክብ ድንጋይ

ቅዳሜ ማታ። እጄን ሦስት ጊዜ ታጥቤዋለሁ፤ አሁንም ሲሚንቶ ሲሚንቶ ይላል።

ኪችናችን ግራናይት ከተገጠመለት ሦስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሠራተኞቹ ጨርሰው ሲወጡ «ቁርጥራጩን እንጣልልዎ?» ቢሉኝ «ተዉት፣ የከፈልኩበት ነው» አልኳቸው። እውነቴን ነው፤ ድንጋይ በካሬ ተለክቶ ሲሸጥልን የሚጣለውም አብሮ ይታሰባል። ለሲንኩ ተቆርጦ የወጣው ብቻ 70 በ40 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ውፍረቱ 2 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ደግሞ 15 ኪሎ አካባቢ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለም። ስለዚህ መጣሉንም የሚደፍር አልነበረም፤ ከዞኮሎው፣ ማለትም ከግድግዳው ሥር ከሚለጠፈው ጠባብ ድንጋይ፣ ትርፍራፊና ከበሩ ደፍ ከተረፈው ነጭ እምነበረድ ጋር በረንዳ ላይ ተደግፎ ቆመ። ባለቤቴ ልብስ ልታሰጣ በወጣች ቁጥር «መቃብር ልታሠራበት ነው እንዴ?» ትላለች።

መጀመሪያ የተነሣው እምነበረዱ ነው። ያምራል፣ ነጭ ነው፤ ጠርዙን በውሃ አሸዋ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አድርጌ ሰላጣ መክተፊያ አደረግሁት። በሳምንቱ ግማሽ ሎሚ ተደፍቶ ያደረበት ቦታ ክብ ሆኖ ደብዝዞ አገኘሁ። እድፍ መስሎኝ ስፈትገው ዋልኩ። ለካ እድፍ አይደለም፣ ተበልቷል። እምነበረድ ዘሩ ከኖራ ድንጋይ ነው፤ ሎሚም፣ ኮምጣጤም፣ ቲማቲምም ይበሉታል። ግራናይቱን ግን ሎሚ ምንም አያደርገውም። አሁን እምነበረዱ የሊጥ ሆኗል፤ ቀዝቃዛ ስለሆነ የብስኩት ሊጥ ሲዳመጥበት ቶሎ አይልመሰመስም። ያቺ ክብ ግን አለች።

ቀጥሎ ያለው የሚያሳፍር ነው። ዞኮሎውን ራሴ ልቁረጥ ብዬ ግራይንደር ተዋስኩና በረንዳው ላይ በደረቁ ለቀቅሁት። ነጩ አቧራ ወደታች ወረደ። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት እናት ሦስት ኪሎ ዛላ በርበሬ አስጥተው ነበር። ቀና ብለው ሲያዩኝ አልተሳደቡም፤ «ልጄ፣ በርበሬው ላይ ጨው አልጨመርኩም ነበር» ብቻ አሉ። በነጋታው ሦስት ኪሎ ገዝቼ ወረድኩ። በኋላ እምነበረድ ቤት ሳወራ ነው ከበርበሬው የባሰው የገባኝ፦ የግራናይት አቧራ ሲሊካ አለው፤ ሲሊካ ሳንባ ውስጥ ከገባ ጠባሳ እየተከለ ይቀራል። ውሃ እየፈሰሰበት የሚቆርጠው ማሽናቸው ለዚህ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚቆረጥ ነገር ካለኝ ተሸክሜ እነሱ ጋ እሄዳለሁ።

እዚያ ነው ክቧን ያገኘሁት። ለቧንቧ የሚሆነው ቀዳዳ 35 ሚሊ ሜትር ይበሳል፤ ከመሐል የምትወጣዋ ድንጋይ ከዚያ ትንሽ ታንሳለች፣ ወፈር ያለች ሳንቲም ትመስላለች። ከአንድ ቤት አንዲት ብቻ ነው የምትወጣው። እዚያ የሚሠራው ልጅ ግን የወተት ዱቄት ጣሳ ሙሉ አጠራቅሞ ነበር። ለምን እንደሆነ ስጠይቀው «እኔንጃ፣ ለመጣል አሳሳችኝ» አለ። ከጥቁር ግራናይት 12፣ ከነጭ እምነበረድ 12 ቆጥሬ ወሰድኩ፤ የዳማ ጠጠር። በቆርኪ ለተጫወተ ሰው ልዩነቱን መናገር ይከብዳል። ቆርኪ በነፋስ ይሄዳል፤ ይህ ሲቀመጥ «ጠቅ» ይላል። አሁን ጥበቃችን ጋ ነው ያለው፤ ሠፈሩ በሙሉ እዚያ ይውላል። እኔ ራሴ አንድ ጊዜም አላሸነፍኩም።

እማዬ ጥር ላይ ከደብረ ብርሃን መጥታ የሲንኩን ድንጋይ ስታየው ወዲያው በመዳፏ ዳበሰችው።

«ይቺማ ወፍጮ የምትሆን ናት። ፊቷ ግን ልሙጥ ነው፣ ታንሸራትታለች። ትወቀር።»

ለሚጥሚጣና ለነጭ ሽንኩርት ነው ያሰበችው። መሮና መዶሻ አመጣሁ፤ ድንጋዩን የበረንዳው ሴራሚክ ላይ አጋደምኩና ጠቅ ጠቅ ማድረግ ጀመርኩ። የመሮው ነጥብ ሲያርፍ አንጸባራቂው ገጽ እንደ በረዶ ነጭ ነጭ እያለ ይፈነጠራል፤ ደስ ይላል። አንድ መዳፍ የሚያህል እንደወቀርኩ ድምፁ ተለወጠ። ጠቅ የሚለው ጨፍ ማለት ጀመረ። ገና ምን እንደሆነ ሳይገባኝ ለሁለት ሄደ።

እማዬ ሳቀች። «ወፍጮ ሴራሚክ ላይ ይወቀራል? አፈር ላይ ነው እንጂ! ከሥሩ አሸዋ እንኳ አይደረግም?» ለካ ድንጋይ ሥሩ እኩል ካልተደገፈ፣ ክፍት በሆነበት በኩል ነው የሚሰበረው። የእሷ ወፍጮ ከእናቷ የወረሰችው ነበር። ሲወቀር ሲወቀር፣ ሲፈጭበት ሲፈጭበት መሐሉ እንደ ገበታ ጎድጉዶ በመጨረሻ አላስፈጭ አለ። «ታዲያ የት ደረሰ?» አልኳት። «የዶሮዎቹ ውሃ መጠጫ ምን መሰለህ? መጁስ ቢሆን የጓዳውን በር ደግፎ አይደል የኖረው?» ስንት ዓመት በእግሬ እየገፋሁ የገባሁበት ነገር ነው።

ለሁለት ከተከፈለው ትልቁን ግማሽ ራሷ፣ አሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጣ ወቀረችው። ሚጥሚጣ ይፈጭበታል። የምትሄድ ቀን መጁን ከዚያ እንደምትልክ ነግራኝ ነበር፤ ልካለች።

ያ «ጨፍ» የሚለው ድምፅ ግን አልለቀቀኝም። እምነበረድ ቤቱ ልጅ የነገረኝ ትዝ አለኝ፦ ድንጋይ ሲገዛ በሁለት ጣት ተንጠልጥሎ በቁልፍ ይመታል፤ ደኅናው ይጮሃል፣ የተሰነጠቀው ያፍናል። የጣና ገዳማት የድንጋይ ደወልም ያው ነው፣ በገመድ ተንጠልጥሎ በድንጋይ የሚመታ ጠፍጣፋ ድንጋይ። ይህን ለልጄ ስነግራት የዞኮሎውን ቁራጮች አምጣ አለችኝ። አራት አገኘን፤ ረጅሙ 50፣ አጭሩ 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ጫፋቸው ላይ ስናስራቸው ድምፃቸው ሞተ፤ ከየጫፉ ከርዝመቱ አንድ አምስተኛ ያህል ወደ ውስጥ ገብተን ስናስር ግን ጮሁ። ረጅሙ ወፍራም ድምፅ፣ አጭሩ ቀጭን። ልጄ ለሁለት ሳምንት ቤቱን ገዳም አደረገችው። ባለቤቴ አሁን የመቃብሩን ነገር ትታ «መነኩሲት!» እያለች ነው የምትጠራት።

የዛሬው ሲሚንቶ የስብርባሪው ነው። ከደረጃችን ሥር ክረምት ክረምት ውሃ የሚቋጥር ቦታ አለ፤ ጫማ ሳይጨቀይ የሚወጣ የለም። ከጣውላ 40 በ40 የሆኑ ሦስት ቅርጾች መታን፣ ላስቲክ አነጠፍን፣ ጥቁሩንና ነጩን ስባሪ ያማረ ፊቱን ወደታች አድርገን ደረደርን፣ ሽቦ ጣል አድርገን 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ሙሌት አፈሰስንበት። ሲደርቅ ይገለበጣል። የድሮ አዲስ አበባ ቤቶች ወለል ላይ ያለው ቴራዞም ከእምነበረድ ጠጠርና ከሲሚንቶ ነው የሚሠራው፤ የእነሱ ተፍቆ ይወለወላል፣ የእኛ እንደመጣ ይቀራል። እርጥብ ጆንያ አልብሼዋለሁ፤ ሰባት ቀን ውሃ ማጠጣት አለብኝ። የበርበሬዋ እናት ወርደው ሲያዩት «አንዱን ለኔ በር» አሉ። ምን ይባላል? እሺ ነው።

በረንዳው ላይ አሁን የቀረችው የዚያ የሰበርኩት ድንጋይ ቁራጭ ናት፤ ሦስት ማዕዘን፣ አንድ በኩሏ የተወቀረ። ብዙ አሰብኩላት፣ የምትሆነው ጠፋኝ። ለጊዜው ነፋሱ እንዳይዘጋው የኪችኑን በር ደግፌባታለሁ።