ሐዋሳ በሜሪኖ ካናቴራ

ለሐዋሳ ጉዞ የያዝኩት ቦርሳ ትንሽ ነው። የለበስኩት የሜሪኖ ካናቴራ፣ አንድ ቅያሪ፣ ካልሲ፣ በቃ። ሜሪኖ በጸጉሩ ቅጥነት የታወቀ የበግ ዝርያ ነው፣ አብዛኛው ከአውስትራሊያ ይመጣል። ለልብስ የሚመረጠው ክር ውፍረቱ ከ20 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች ስለሆነ እንደ መንዝ ባና ገላ አይኮሰኩስም። ሱፍ ሲባል የክረምት ካፖርት ብቻ ለሚታየው ሰው ይህን ማስረዳት ከባድ ነው።

ባቱ ስንደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ሙቀቱ አይጣል ነበር። መስኮት ክፈቱ፣ አትክፈቱ የሚለው የተለመደው ጭቅጭቅም አልቀረም። ላብ በላብ ሆኛለሁ፣ ካናቴራው ግን ጀርባዬ ላይ አልተለጠፈም። ሱፍ የራሱን ክብደት ሲሶ የሚጠጋ እርጥበት ክሩ ውስጥ ይዞ እንኳ ሲነካ እርጥብ አይመስልም።

ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ የታየኝ በማግስቱ ታቦር ተራራ ላይ ነው። ገና ሳይነጋ ነው የወጣነው። ዳገቱ ያልባል፣ ጫፍ ላይ ደግሞ ከሐይቁ በኩል የሚመጣው ንፋስ ይጠብቃል። ጓደኛዬ ጥጥ ነው የለበሰው፣ ጀርባው ረጥቦ ቁጭ እንዳልን መንቀጥቀጥ ጀመረ። «አንተ፣ አይበርድህም እንዴ?» አለኝ። ጃኬቴን ሰጠሁት። ጥጥ ለከተማ ሸጋ ልብስ ነው፣ ወጥተህ አልቦህ ቁጭ ለምትልበት ቦታ ግን አልመክርም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ቆላም ደጋም ለምናይበት አገር ደግሞ እንደ ሜሪኖ ያለ ልብስ ነው የሚያስፈልገን።

ከዚያ አሞራ ገደል ወረድን። አባ ኮዳዎቹ ሰው መሃል እየተንጎራደዱ የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ፣ ዘይቱ ይንጫጫል፣ ጭሱ ልብስ ውስጥ ይገባል። ዓሣ ጥብስ በዳጣ በላን፣ አቤት ሲጣፍጥ! ማታ ካናቴራውን መስኮት አጠገብ ዘረጋሁት። ጠዋት አፍንጫዬን ብብቱ ላይ አስጠግቼ አሸተትኩት፤ የጭስ ሽታ በጥቂቱ አለ፣ የላብ ግን የለም። ሱፍ ሽታውን ክሩ ውስጥ አምቆ ስለሚይዝ ቶሎ አይሸትም። ፖሊስተር ቢሆን ኖሮ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው አላገኝም ነበር።

አጠባው ጥንቃቄ ይፈልጋል። ቀዝቃዛ ውሃ፣ ለስላሳ ሳሙና፣ መጭመቅ የለም። ፎጣ ውስጥ ጠቅልዬ በእግሬ ረገጥ ረገጥ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ዘርግቼ አሰጣዋለሁ። ቶሎ በመድረቅ ፖሊስተር ይበልጠዋል፣ ይህ መታወቅ አለበት። ቀጭኑ፣ ማለትም በካሬ ሜትር 150 ግራም ገደማ የሚመዝነው፣ የቦርሳ ማንገቻ የሚፈትገው ትከሻው ላይ ቶሎ ይሳሳል። ብልም ይወደዋል፣ ስለዚህ ታጥቦ በደንብ በታሰረ ፌስታል ይቀመጥ።

ዋጋው ኪስ ይጎዳል። በግ በሞላበት አገር፣ ያውም ለውጭ ገበያ ልብስ የሚሰፋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባለባት ከተማ ቆሜ፣ እንዲህ ያለ ካናቴራ ከውጭ በሚመጣ ሰው ማስላኬ ያንገበግበኛል። የመንዝ በግ ጸጉር ሻካራ ስለሆነ ለባና እንጂ ለዚህ አይሆንም፣ ይገባኛል። ቢሆንም ክሩን አስመጥቶ እዚሁ ሰፍቶ ለእኛ የሚሸጥ ቢገኝ ደስታዬ ነው።

መሞከር የምትፈልጉ ከካልሲ ጀምሩ፣ ከካናቴራ ይረክሳል። ናይለን የተቀላቀለበትን ምረጡ፣ ተረከዙ ቶሎ አይበሳም።