መሣሪያ ይዟል ስል ጊታር መሰለው

ዘንድሮ የያዝኩት ርዕስ ትንሽ ያስደነግጣል። የጠመንጃ እንግሊዝኛ ነው፤ ከጠመንጃ ጋር የተያያዙ የእንግሊዝኛ ቃላትና ፈሊጦች ማለቴ ነው። ምክንያቴ ግን ሰላማዊ ነው። ባሕር ዳር ላይ አስጎብኚ ነኝ፤ እንግዳ ሲገኝ በጀልባ ይዤ ወደ ዘጌ እሻገራለሁ። አንድ ቀን አንድ እንግዳ ጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ የቆመውን ዘበኛ አየና ምን እንደያዘ ጠየቀኝ። መሣሪያ ልለው ፈልጌ "ኢንስትሩመንት" አልኩት። ዘበኛውን ደግሞ አየው። "ጊታር ነው እንዴ?" አለኝ።

መዝገበ ቃላቱ አልዋሸኝም። በእኛ አፍ ክራሩም መሣሪያ ነው፣ መዶሻውም መሣሪያ ነው፣ ክላሹም መሣሪያ ነው። እንግሊዝኛው ለሦስቱም የየራሳቸውን ቃል ሰጥቷቸዋል። ክራሩ ኢንስትሩመንት፣ መዶሻው ቱል፣ ክላሹ ዌፐን።

በዚያው ሳምንት 60 ቃላትና ፈሊጦች ደብተር ላይ ደርድሬ ሽምደዳ ገባሁ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጓደኛዬ ፈተነችኝ። 11 አገኘሁ። እሷም ብትሆን 14 ነው ያገኘችው፣ ግን እንደ ሊቅ ነው የተኩራራችብኝ። ልምምዳችን ሐይቁ ዳር ካለ ካፌ ነበር። ጊዜው ጊዜ ስለሆነ "ሹት" እና "ቡሌት" ባልን ቁጥር ከጎን ያለው ጠረጴዛ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ቡናችንን ቶሎ እየጨረስን ደንገሉ ወዳለበት ዳርቻ መውረድ ጀመርን። እዚያ የሚሰማን ወፍ ብቻ ነው።

ነገሩ የተገለበጠው አጎቴ ቤት ነው። "ጋሼ፣ የጠመንጃ ክፍሎች ምን ምን ይባላሉ?" ብዬ ጠየቅኋቸው። "ምን ልታደርግበት ነው አንተ?" ብለው አፈጠጡብኝ። ለእንግሊዝኛ ነው ስላቸው ሳቁ። ከዚያ ዱላቸውን ከግድግዳው አነሡና ትከሻቸው ላይ አስደገፉት። "ይሄ ትከሻህ ላይ የሚያርፈው ሰደፍ። ያ ጫፉ አፈሙዝ። እዚህ ጋ ቃታ።" ጣታቸው ዱላው ላይ የሌለ ቃታ ሲፈልግ አሁንም ይታየኛል።

ሰደፍ ስቶክ ነው። አፈሙዝ መዝል ነው፤ መዝል የውሻም አፍና አፍንጫ ነው፣ እኛም ቃሉን የጀመርነው በአፍ ነው። ከአፈሙዙ ወደ ኋላ ያለው ቱቦ ደግሞ ባረል፣ የዘይት በርሜሉ ሞክሼ። ቃታው ያለበት፣ እሳት የሚፈጥረው ክፍል በድሮው ጠመንጃ ሎክ ይባል ነበር። "ሎክ፣ ስቶክ ኤንድ ባረል" እንግዲህ ይኸው ነው፤ ሦስቱ ከተገጠሙ ጠመንጃው ሙሉ ነው። "ጓዙን ጠቅልሎ ሄደ" የምንለውን እነሱ በዚህ ይሉታል። ሦስት ሳምንት ሸምድጄ ያልያዝኩትን በአንድ ዱላ ያዝኩት።

ጋሼ አላቆሙም። "የድሮው ጠመንጃ በአፈሙዙ ነበር የሚጎርሰው" አሉኝ። እዚህ ላይ ቆም በሉልኝ። እንግሊዝኛው ጠመንጃን "ሎድ" ያደርጋል፣ እንደ አህያ ይጭነዋል። እኛ እናጎርሰዋለን! ቀጠሉ፦ "አንዳንዴ ውጪ ያለው ባሩድ ቦግ ይልና የውስጡ እምቢ ይላል። ጭስ ብቻ። ያኔ ከሸፈ ነው።"

ዘልዬ ልነሣ ምንም አልቀረኝ። "ፍላሽ ኢን ዘ ፓን" ማለት እኮ ይኸው ነው። ፓን ድስት አይደለም፣ መጥበሻም አይደለም። በጠመንጃው ጎን ጥቂት ባሩድ የሚደረግባት ጎድጓዳ ነገር ናት። ባልጩቱ ብረት ሲመታ እዚያ ያለው ባሩድ ይቀጣጠላል፤ እሳቱ በትንሽ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ካልገባ ብልጭታው ብቻውን ይቀራል። በእንግሊዝኛ አንድ ሰሞን ቦግ ብሎ የጠፋ ዘፋኝ ፍላሽ ኢን ዘ ፓን ነው። በእኛ ደግሞ ሴራው ከሸፈ፣ ዕቅዱ ከሸፈ። ይህን ቃል በየቀኑ እየተናገርኩ ባሩድ እንዳለበት አላሰብኩም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዘዴዬን ቀየርኩ። መጀመሪያ የአማርኛውን ቃል እፈልጋለሁ፣ ቀጥሎ ዕቃው እንዴት እንደሚሠራ፣ ፈሊጡ መጨረሻ ይመጣል። ለምሳሌ ጥይት ስንል ሙሉውን ነው፤ በእንግሊዝኛ ሙሉው ካርትሪጅ ነው፣ ቡሌት የሚባለው በሮ የሚሄደው ጫፉ ብቻ፣ ቀለሁ ኬዝ። በጣም የገረመኝ ካዝና ነው። የክላሽ ካዝና በእንግሊዝኛ ማጋዚን ይባላል፤ የሚነበበውም መጽሔት ማጋዚን ነው። ካዝናም፣ ማጋዚንም፣ የእህል መጋዘኑም ማከማቸት ከሚል አንድ የዐረብኛ ሥር የወጡ ናቸው። ለካ ዘመዳሞች ኖረዋል።

ጋሼ ስናድር የሚሉት ጠመንጃም የእንግሊዝ ጦር በፈረንጆቹ 1868 መቅደላ ሲመጣ የያዘው ስናይደር ነው። ውጅግራ የሚባለው የድሮ ጠመንጃም ስሙ ከፈረንሳይኛው ፉዚ ግራ የመጣ ነው፤ ፉዚ ጠመንጃ ማለት ነው። ሳላውቀው ከልጅነቴ ጀምሮ የፈረንጅ ቃል ስናገር ኖሬያለሁ ማለት ነው።

ሌሎቹ ቀላል ነበሩ። "ባይት ዘ ቡሌት" እኛ ጥርሳችንን ነክሰን የምንችለውን እነሱ ጥይት ነክሰው የሚችሉት ነው። "ጃምፕ ዘ ጋን" ለሯጭ አገር ሰው አይከብድም። የማስጀመሪያው ሽጉጥ ሳይተኮስ መሮጥ ነው፤ ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት። "ስቲክ ቱ ዩር ጋንስ" ደግሞ መድፉን ጥሎ አለመሸሽ፣ አቋምን አለመልቀቅ።

ያስቸገረኝ "ፋየር" ነው። እሳትም ነው፣ መተኮስም ነው፣ ከሥራ ማባረርም ነው። ባለፈው ወር ለአንድ ሥራ በስልክ ቃለ መጠይቅ አደረግሁ። መጨረሻ ላይ ጥያቄ አለኝ ስል ሴትየዋ "ፋየር አዌይ" አለችኝ። ሳልቀጠር የተባረርኩ መሰለኝና "ኦኬ፣ ታንክ ዩ" ብዬ ዘጋሁት። ጠይቅ፣ ቀጥል ማለቷ ነበር። መልሳም አልደወለችም።

አሁን ከ60ው 43 ደርሻለሁ። ጓደኛዬ 45 ናት፣ ነገር ግን "ሾትገን"ን ለመቁጠሯ አልስማማም። ሾትገን የአደን ጠመንጃ ነው፤ በአሜሪካ ምዕራብ ግዛቶች የመንገደኛ ሠረገላ ጠባቂ እሱን ይዞ ከነጂው ጎን ይቀመጥ ስለነበር፣ ዛሬ ቀድሞ "ሾትገን!" ያለ ሰው ጋቢና ይቀመጣል። ትናንት ዓባይ ማዶ የሚሄድ ታክሲ ስንጠብቅ ገና ሳይቆም "ሾትገን!" ብላ ሮጠች። ረዳቱ በመስኮት አንገቱን አወጣ። "እህቴ፣ ጋቢና ሰው አለው። ወደ ኋላ ጠጋ ጠጋ በሉ።"